ይህ የማን እጅ ነው?

ስልኬ ሲጮህ ሰሌዳው ላይ ቀን እየጻፍኩ ነበር። ክፍል ውስጥ ስልክ አላነሳም፤ ተማሪዎቼንም እከለክላለሁ። ያን ሳምንት ግን ከደብረ ብርሃን መልስ እየጠበቅኩ ስለነበር ጠመኔውን አስቀምጬ ወደ በረንዳው ወጣሁ።

"የአንኮበሯ መምህርት ነዎት?" አለኝ አንድ የማላውቀው የጎልማሳ ድምፅ።

"አዎ፣ ነኝ።"

"የቅበላ ኮሚቴው ሰብሳቢ ነኝ። የደወልኩት ስለዚያች ስላመለከተችው ተማሪዎ ነው። ጽሑፉን እሷ አልጻፈችውም።"

"አልጻፈችውም ማለት?"

"ሌላ ሰው ነው የጻፈላት። ፎቶውን በቴሌግራም እልክልዎታለሁ፤ ራስዎ ይዩት። ነገ ጠዋት ልጅቷን ከወላጇ ጋር ይዘዋት ይምጡ፤ እፊታችን ትጽፋለች። ካልመጣችሁ ቦታውን ለተጠባባቂ እንሰጣለን።"

ሌላ ነገር ልጠይቅ ስል ስልኩ ተዘግቷል። ተማሪዎቼ በመስኮቱ እያዩኝ ነበር። እሷም አየችኝ።

ነገሩ እንዳይምታታ ከመጀመሪያው ላስረዳ። አንኮበር ውስጥ ስምንተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ጎበዝ ተማሪዎችን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የሚቀበል አዳሪ ትምህርት ቤት አለ። አመልካቾች መጀመሪያ አንድ ድርሰት ይልካሉ፤ ድርሰቱ ያለፈለት ለፈተና ይቀርባል። አምና ድርሰቱ በኮምፒውተር ተጽፎ ይላክ ነበር። ከለሚ የመጣውም ከጣርማ በር የመጣውም ልጅ፣ ሳይተዋወቁ፣ እንደ መንታ አንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር ጽፈው ተገኙ። ስልካቸው ነበር የጻፈላቸው። ስለዚህ ዘንድሮ መመሪያው ተቀየረ፤ ተማሪው በገዛ እጁ፣ በእስክሪብቶ ይጻፍ፤ ራሱ በፖስታ ያሽግ፤ ትምህርት ቤቱ በፖስታው ላይ ማኅተም ብቻ ያድርግበት ተባለ።

መመሪያውን ሳነብ ደስ ብሎኝ ነበር። ስለ እጅ ጽሑፍ ከተማሪዎቼ ጋር ያልተከራከርኩበት ሳምንት የለምና። ሰሌዳውን ሞልቼ ስጨርስ የሚሰማኝ የእስክሪብቶ ድምፅ አይደለም፤ ስልክ ያላቸው ፎቶ ያነሳሉ፣ የሌላቸው "ግሩፑ ላይ ልቀቁት" ይላሉ። እንዲጽፉ ሳስገድዳቸው ጣታቸውን እያራገፉ "ቲቸር፣ እጄን አመመኝ" ይሉኛል።

"አንድን ነገር ስትጽፉት በእናንተ ውስጥ ያልፋል" እላቸዋለሁ። "ፎቶ ስታነሱት ግን በስልኩ ውስጥ ብቻ ነው የሚያልፈው። ፈተና የሚቀመጠው ስልካችሁ ነው እንዴ?"

"ቢፈቀድለትማ ያልፍ ነበር፣ ቲቸር!" ይላል ከኋላ አንዱ። ክፍሉ ይስቃል። እኔም አንዳንዴ እስቃለሁ።

ልጅቷ በዚህ ክርክር ውስጥ አትገባም ነበር። ስልክ የላትም። ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር በአንድ ዴስክ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ክርኗን ሰብስባ ተቀምጣ ትጽፋለች። አባቷ ከከተማው ዝቅ ብሎ ባለው ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ናቸው፤ ዛሬም ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው መጽሐፍ ከሚጽፉት ጥቂት ሰዎች አንዱ። ታላቅ እህቷ አዲስ አበባ ልብስ የምትሸጥ አክስታቸው ዘንድ ሄዳለች። ቀን ሱቅ ትጠብቃለች፣ ማታ ትማራለች ተብሎ ነበር። የማታው ትምህርት አንድ መንፈቅ እንኳ አልዘለቀም፤ ሱቁ ብቻ ቀረ። አዳሪ ትምህርት ቤቱ ካልተቀበላት ታናሺቱም ከክረምቱ በኋላ ወደዚያው ሱቅ እንደምትሄድ ተነጋግረው ጨርሰዋል። ይህንን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ስትነግረኝ አላለቀሰችም፤ ማመልከቻውን ብቻ በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ነበር።

ፎቶው ሲደርሰኝ እረፍት ሆኖ ነበር። ስልኬን አስፍቼ አየሁት። ድርሰቱ ጉም ከቆላ ወደ አንኮበር ሲወጣ ስለሚሆነው ነገር ነው። ወደ አሊዩ አምባ ገበያ የሚወርደው መንገድ በጉሙ ሲቆረጥ፣ አህዮቹ ሳይታዩ የአህዮቹ ኮቴ ብቻ እንደሚሰማ ጽፋለች። ሐሳቡ የእሷ መሆኑን አልተጠራጠርኩም። ያስደነገጠኝ እጁ ነው። ፊደሎቹ ደልደል ያሉ፣ እኩል የቆሙ፣ በመካከላቸው እኩል አየር ያላቸው ነበሩ። አንድም ስርዝ የለም።

ከማርማቸው ደብተሮች መካከል የእሷን አወጣሁና ከስልኩ ጎን ገለጥኩት። የደብተሯ ፊደሎች ትንንሽ ናቸው፤ ተጋፍተዋል፤ ወደ ቀኝ ወድቀዋል። መስመር ላይ ጀምረው ከመስመር በታች ይጨርሳሉ። ደጋግሜ አየኋቸው። አንድ ሰው የጻፋቸው አይመስሉም።

እዚያው መምህራን ማረፊያ ውስጥ፣ ደብተሩን ፊቴ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። አባቷ ቁም ጸሐፊ ናቸው። ይህ እጅ የቁም ጸሐፊ እጅ ነው። ሌላ ምን ልል እችላለሁ?

አስጠራኋት።

"ይህን ድርሰት ማን ጻፈው?"

ስልኩን አየችው። "እኔ።"

"ቃሉን አይደለም የምልሽ። ወረቀቱ ላይ ማን ጻፈው?"

"እኔ፣ ቲቸር።"

"ታዲያ ደብተርሽ ለምን እንዲህ ሆነ?"

ደብተሯን እንደ ሌላ ሰው ደብተር አየችው። "አላውቅም" አለች። ቆይታ ደግሞ፣ "ምን አሉ?" ስትል ጠየቀች።

"ሌላ ሰው ጻፈልሽ ነው የሚሉት፤ አባትሽን ሳይጠረጥሩ አይቀሩም።"

ፊቷ ተለወጠ። እስከዚያች ሰዓት የፈራችው ለራሷ ይመስለኝ ነበር። "አባዬን?" አለች። "አባዬ ይዋሻል አሉ?"

ከትምህርት በኋላ አብሬያት ወደ ቤታቸው ወረድኩ። አባቷ ከጎጇቸው ክዳን ሥር፣ ዝቅተኛ መደብ ላይ፣ እግራቸውን ሰብስበው ተቀምጠው ይጽፉ ነበር። መቃ ብርዓቸው ብራናው ላይ የሚያሰማው ቀጭን ድምፅ ገና ከአጥሩ ይሰማል። ቆመን ጠበቅን፤ መስመር ሳይጨርሱ ቀና እንደማይሉ ልጅቷ በምልክት ነገረችኝ። ጨርሰው ቀና ሲሉ ነገርኳቸው። የማላውቀውን እንደማውቅ ሳላስመስል፣ ሰብሳቢው ያለውን በሙሉ፣ በቅደም ተከተል ነገርኳቸው።

 ብርዓቸውን ጠራርገው አስቀመጡ።

"እኔ አልሄድም" አሉ።

"አባ፣ ካልሄዳችሁ ቦታውን ለሌላ ይሰጡታል።"

"ይስጡት። እኔ በስተርጅና በማላውቃቸው ሰዎች ፊት ቆሜ አልዋሸሁም ብዬ ልማል? ልጄ፣ አንቺስ መምህሯ ምን ትያለሽ? አንቺ አምነሽ ነው የመጣሽው?"

ይህን ጥያቄ ፈርቼው ነበር። "የክፍል ደብተሯ ከዚህ ጋር አይመሳሰልም" አልኳቸው። "ለምን እንደማይመሳሰል አላወቅኩም። እስካውቅ ድረስ ግን አትቅር።"

ተቆጥተው ሳይሆን አዝነው አዩኝ። ያን ጊዜ ልጅቷ ከደጃፉ ተናገረች።

"አባዬ፣ ካልሄድን እውነት ነው ይላሉ።"

  መሪጌታ የቀለሙን ቀንድ ከደኑና ነጠላቸውን ለበሱ። ቤት ገብተው በግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ደህናውን ካፖርታቸውን ሲያራግፉ አየሁ። መሄዳቸው ነው ብዬ ተሰናብቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ጉሙ ከፊታችን ያለውን መኪና እንኳ አያሳይም ነበር። ሚኒባሱ መብራት አብርቶ እያዘገመ ይሄዳል። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ረዳቱ ደረጃው ላይ ቆሞ በር እየደበደበ፣ "አባ፣ እባክዎ ይህን ጉም ይገስጹልን፤ ሾፌራችን በማሽተት ነው የሚነዳው!" ይላል።

"በአፍንጫዬ እየነዳሁ ከሆነ አንተን አሽትቼ ነበር የማስወርድህ" አለ ሾፌሩ። ተሳፋሪው ሳቀ። መሪጌታ አልሳቁም። ልጅቷ በመካከላችን ተቀምጣ የቀኝ እጇን በግራ እጇ ይዛ ታሻለች። እጇ እንዳይደነዝዝ ፈርታ ነው። ጓንቴን አውልቄ ሰጠኋት።

እንግዲህ እኔም በዚያ መንገድ ላይ ሁሉ እያሰብኩ ነበር። ልጆቹ በክፍል ሲጽፉ አያለሁ፤ እጃቸውን ግን አይቼ አላውቅም፤ የማየው ወረቀታቸውን ነው። አንድ ሰው ሁለት ዓይነት እጅ ሊኖረው ይችላል? ስቸኩል የምጽፈውና ለሰርተፍኬት የምጽፈው ይለያያል። ሆኖም የእኔ ነው፤ የሚያውቀኝ ሰው በሁለቱም ያውቀኛል። የእሷ ግን እኔ መምህሯ እንኳ አላወቅኩትም።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ ጉሙ ቀርቶ ብርዱ ብቻ ነበር። ከመናኸሪያው ባጃጅ ይዘን ሄድን። ቢሮው ውስጥ ሁለት ሰዎች ጠበቁን። አንደኛው የደወለልኝ ሰብሳቢ ነው፤ ረጅም፣ ኮቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ቃል የማያባክን ሰው። ሌላው የኮምፒውተር መምህር ነው፤ በዕድሜ ለእኔ የሚቀርብ፣ ጃኬቱ ውስጥ እጁን የከተተ። ሰብሳቢው ለመሪጌታ ተነስቶ ወንበር ሰጣቸው። ክብሩን አልነፈጋቸውም፤ ጥርጣሬውንም አልቀነሰም።

"አምና ማሽን ጻፈው ብለን ተቸገርን" አለ የኮምፒውተር መምህሩ፣ ድርሰቱን በብርሃኑ እያየ። "ዘንድሮ ደግሞ ብራና ጻፈው ልንል ነው። ይህን ብቀርጸው አንድ ምርጥ ፎንት ይወጣዋል።"

"ቀልዱን ተወው" አለው ሰብሳቢው። ወደ ልጅቷ ዞሮ፣ "ነይ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጪ። የምልሽን ጻፊ። አትቸኩይ" አላት።

ጠረጴዛው ሰፊና ከፍ ያለ ነበር፤ ትከሻዋ ወደ ላይ ተሰቀለ። ወረቀት ሰጣት፤ ከራሷ ድርሰት ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር እያቆራረጠ አነበበላት።  ገና ከመጀመሪያው ቃል አወቅኩት፤ ያው የደብተሩ እጅ ነው። ፊደሎቹ ተጋፉ፣ ወደ ቀኝ ወደቁ፣ ከመስመሩ በታች ወረዱ። ልጅቷም አየችው። አቁማ እንደገና ጀመረች፤ እንደገናም ያው ሆነ።

ሰብሳቢው ወረቀቱን አንስቶ ከድርሰቱ ጎን አስቀመጠው።  

"ፈርታ ይሆናል" አልኩ።

"ፍርሃት እጅ ያንቀጠቅጣል፤ እጅ አይቀይርም" አለ። ከዚያ ወደ መሪጌታ ዞረ። "መሪጌታ፣ ቅር ባይልዎት፣ ያንኑ ዐረፍተ ነገር እርስዎም ይጻፉልኝ።"

በዚያች ቅጽበት ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ትንሽ ቢያበላሹትስ አልኩ በልቤ፤ ትንሽ ቢቸኩሉ፣ አንድ መስመር ቢያጣምሙ፣ ከድርሰቱ ይርቃሉ፣ ጥርጣሬውም ይቀንሳል። የኮምፒውተር መምህሩም ይህንኑ ሳያስብ አልቀረም፤ "አባ፣ ብርድ ነው፤ እጅዎ ቢንሸራተት ማንም አይፈርድብዎትም" አላቸው ፈገግ ብሎ።

እሳቸው ግን ጠረጴዛውን እንኳ አላዩትም። ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ። "ይህን ላንሳው?" ብለው ከጠረጴዛው ላይ አንድ ደረቅ ማኅደር አነሱ፤ ጉልበታቸው ላይ አደረጉት፤ ወረቀቱን በላዩ ዘረጉ፤ ጎንበስ ብለው መጻፍ ጀመሩ። ምንም አላበላሹም። በዚያች እስክሪብቶ፣ በዚያች ቀጭን ወረቀት ላይ፣ ለመጽሐፍ እንደሚጽፉ አድርገው እያንዳንዱን ፊደል አቆሙት።  የማይችሉት ነገር ቢኖር መጥፎ አድርጎ መጻፍ እንደሆነ ገባኝ፤ በዚያውም ልጃቸውን እየቀበሯት መሆኑ ገባኝ።

ሰብሳቢው ሦስተኛውን ወረቀት ከሁለቱ ጎን አስቀመጠ።

"ይህ የማን እጅ ነው?" አለ የመጨረሻውን እያሳየ።

"የእኔ።"

"ይህኛውስ?" ድርሰቱን ገፋ አደረገላቸው።

መሪጌታ አንስተው አቅርበው አዩት። ትንሽ ደስታ ፊታቸው ላይ ያለፈ መሰለኝ። "ይህ የልጄ ነው" አሉ። "የእኔ እንዲህ አይቸኩልም።"

"በምን አወቁ?"

"ያስተማርኳት እኔ ነኛ።"

ሰብሳቢው እጁን ዘረጋ። "መምህርት፣ እንግዲህ ይፍረዱ። ያስተማሩት እሳቸው፣ እጁ የእሳቸው ዓይነት፣ ልጅቷ እፊታችን ስትጽፍ ሌላ። እኔ ምን ላድርግ? ነገ ሌላው ወላጅ ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ?"

እውነቱን ነው። እኔም እሱን ብሆን ያንኑ እል ነበር። ልጅቷ አሁን ጠረጴዛውን ለቃ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ጓንቴን እስካሁን በእጇ ጨምድዳ ይዛዋለች። መሪጌታ ማኅደሩን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው ወደ ጠረጴዛው መለሱ። ዓይኔ ማኅደሩን ተከተለ። ትናንት ከቤታቸው አጥር ሥር ቆሜ ያየሁትን አስታወስኩ፤ ዝቅተኛ መደብ፣ የተሰበሰበ እግር፣ ጉልበት ላይ ያለ ብራና። ቤታቸው ውስጥ ጠረጴዛ አላየሁም።

"ድርሰቱን የት ሆነሽ ነው የጻፍሽው?" አልኳት።

"ቤት።"

"ቤት የት?"

"አባዬ አጠገብ። መደቡ ላይ።"

"ወረቀቱስ ምን ላይ ነበር?"

ጥያቄው ሞኝ መስሏት አየችኝ። "ጉልበቴ ላይ ነዋ።"

ወደ ሰብሳቢው ዞርኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ዝቅ ላደርገው ሞከርኩ። "ጠረጴዛ ላይ መጻፍ የተማረችው ትምህርት ቤት ነው፤ ለዚያውም ከሁለት ልጅ ጋር እየተጋፋች። መጻፍ የተማረችው ግን ጉልበቷ ላይ ነው። እባክዎ፣ እንደ ቤቷ ተቀምጣ ትጻፍ።"

"አንዴ ጽፋለች።"

"ጠረጴዛው ላይ ነው የጻፈችው!"

"መምህርት፣ ይህ ጨዋታ አይደለም። ጠረጴዛ ሲያቅታት ወንበር፣ ወንበር ሲያቅታት መሬት እያልን አንዘልቀውም።"

"ምን ቸገረን?" አለ የኮምፒውተር መምህሩ። አሁን እጁን ከጃኬቱ አውጥቶ ነበር። "የወረቀት ዋጋ ነው። እኔም የራሴን ላፕቶፕ ኪቦርድ ካላገኘሁ የይለፍ ቃሌን እንኳ መጻፍ ያቅተኛል። የሚያውቀው ጣቴ ነው እንጂ እኔ አይመስለኝም።"

ሰብሳቢው ማኅደሩን ወደ እኔ ገፋው። "እሺ" አለ። "ግን የራሷን ድርሰት አይደለም፤ የማታውቀውን አነብላታለሁ። መሪጌታ ውጭ ይቆዩ።"

መሪጌታ ወጡ። በሩ ሲዘጋ ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን የቀረች መሰለች። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች፤ እግሯን ሰበሰበች፤ ማኅደሩን ሰጠኋት፤ ጉልበቷ ላይ አደላደለችው። ሰብሳቢው ከጠረጴዛው ላይ አንድ የቆየ የስብሰባ ጥሪ አነሳና ማንበብ ጀመረ። ደረቅ ነገር ነበር፤ ስለ አጥር ጥገና።

የመጀመሪያው ቃል ተንቀጠቀጠ። ሁለተኛውም።  ሦስተኛው ላይ ትከሻዋ ወረደ። ጭንቅላቷን በትክክል እንደ አባቷ ወደ ግራ ዘንበል አደረገች፤ እጇም ከክርኗ ጀምሮ መንቀሳቀስ ጀመረ። ጣት ብቻ አልነበረም የሚጽፈው፤ ወገቧ፣ ትከሻዋ፣ ጉልበቷ አብረው ይጽፉ ነበር። ሰብሳቢው እያነበበ ቀስ ብሎ ወደ እሷ ተጠጋ። ስለ አጥሩ የሚያነበውን አቋርጦ ቆመ። እሷ ግን ጎንበስ እንዳለች ቀጣዩን ቃል ትጠብቃለች።

ሰብሳቢው ወረቀቶቹን አራቱንም ደረደራቸው። ተጎንብሶ አያቸው፤ መነጽሩን አውልቆ እንደገና አያቸው። የኮምፒውተር መምህሩ በጣቱ አመለከተ፤ የአባትየው ፊደሎች እግር ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የልጅቷ ግን ከታች ትንሽ ወደ ውስጥ ሰብሰብ ይላል። በድርሰቱም ሰብሰብ ይላል። ስለ አጥር በተጻፈውም።

"የአባቷ ዓይነት ነው" አለ ሰብሳቢው በመጨረሻ። "የአባቷ ግን አይደለም።"

ልጅቷ አልተነሳችም። "ፈተናው የት ነው?" ስትል ጠየቀች።

"አዳራሽ ውስጥ ነው። ለምን?"

"ዴስክ ላይ ነው?"

ሰብሳቢው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ያልታሰበ ነገር ነበር። ፈተናውም በእጅ የሚጻፍ ነው፤ ሰዓት አለው፤ ዴስክ ላይ ከሆነ እጇ መልሶ ይወድቃል፤ ያራሚውም ዓይን መልሶ ይጠራጠራል። የዳንን መስሎኝ የነበረው ሁሉ እንደገና ተንጠለጠለ።

"መሬት መቀመጥ ክልክል ነው?" አለች።

"ክልክል ነው የሚል አላነበብኩም" አለ ሰብሳቢው። "ይቻላል የሚልም አላነበብኩም።" ከዚያ የመግቢያ ካርዷን አወጣ፤ ጀርባው ላይ በራሱ እጅ 'መሬት ተቀምጣ እንድትፈተን ተፈቅዷል' ብሎ ጻፈና ማኅተም መታበት። እጁ ለማንበብ ያስቸግር ነበር። የኮምፒውተር መምህሩ አንገቱን አስግጎ አይቶ፣ "ይህንንም ማን እንደጻፈው ማጣራት ሳያስፈልግ አይቀርም" አለ። ሰብሳቢው ያን ጊዜ ነው የሳቀው።

በሩን ስከፍት መሪጌታ ከበረንዳው ጥግ ቆመው ነበር።  ልጃቸው ካርዱን አሳየቻቸው፤ ጀርባውን አገላብጠው ለማንበብ ታገሉ። "ምን ይላል?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ካፖርታቸውን ዘግተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ እኛም ቆመን ጠበቅናቸው።

የፈተናው ዕለት አዳራሹ መስኮት ላይ ነበርኩ። የዴስኮቹ ረድፍ እስከ ጀርባው ግድግዳ ይደርሳል፤ እሷ ከመጨረሻው ረድፍ ኋላ መሬት ላይ ነበረች። ተቆጣጣሪው ሲያልፍ እየቆመ ካርዱን ይጠይቃታል፤ አልፎ ሲመለስ ሌላው ይመጣና ይጠይቃታል። በጠየቋት ቁጥር ደቂቃ ይበላባታል። እኔ መስኮቱን መደብደብ እስኪያምረኝ ድረስ ተናደድኩ። በመጨረሻ ካርዱን ጀርባውን ወደ ላይ አድርጋ እግሯ ሥር አስቀመጠችው፤ ሰው ሲቆምባት ቀና ሳትል በእስክሪብቶዋ ታመለክትና ትቀጥላለች።

ውጤቱ የመጣው በቴሌግራም ነው። ያለፉት ልጆች ስም በአንድ ዓይነት የኮምፒውተር ፊደል፣ በአንድ ዓይነት ውፍረት ተደርድሯል። ስሟን ሳገኘው በእግሬ እየሮጥኩ ወረድኩ። መሪጌታ መደባቸው ላይ ነበሩ። መስመራቸውን እስኪጨርሱ አልጠበቅኩም። ስልኩን አሳየኋቸው።

"የቱ ጋ ነው?" ብለው በጣታቸው ሲነኩት ዝርዝሩ ወደ ላይ ሮጦ ጠፋ። ደነገጡ። "አጠፋሁት?"

"አልጠፋም፣ አባ፤ አለ።" መልሼ አመጣሁላቸው። ከዚያ በኋላ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ነው ያዩት። ልጅቷም ከኋላቸው ቆማ አየች። ደጋግማ አየችው፤ ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች፤ ስታለቅስ ሰማናት።

"ልጄ፣ ይህን በወረቀት ጻፊልኝ" አሉኝ መሪጌታ። "ይህ ነገር ተነክቶ ከሚሮጥ።"

ደብተሬን አወጣሁ። ዙሪያዬን ጠረጴዛ ፈለግኩ፤ የለም። መደቡ ላይ ተቀመጥኩና ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አደረግኩት። የልጃቸውን ስም፣ ከሥሩም 'ተቀብለዋታል' ብዬ ጻፍኩ፤ ቀድጄ ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃኑ አዞረው አዩት።

"ያንቺም እጅ አይከፋም" አሉ። "ትንሽ ይቸኩላል እንጂ።"